ድሮን የሚጠብቀው የወንዝ ዳር

ይህን የምጽፈው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ለማይሄዱ ሰዎች ነው። ብዙ አልቀረባችሁም ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን ከዚያ ሳምንት ቢያንስ ረቡዕን ብታዩት ጥሩ ነበር።

ያደግሁት አዋሽ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። እኛ ዘንድ ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ከዳርቻው ገምሶ ይወስዳል። በተገመሰው በኩል የጥንት ሰው የጠረባቸው ድንጋዮች እንደ ሕፃን ጥርስ ብቅ ብቅ ይላሉ። ፈረንጆች መጥተው በብሩሽ ያጸዷቸዋል፤ እኛ ልጆች ሳለን ወፍ እናባርርባቸው ነበር። ስለ አርኪዮሎጂ የተማርሁት ይህንኑ ነው። ሥራዬ ግጥም መጻፍ ነው። እሱንም ማንም አላስተማረኝም፤ ግጥሞቼን ያነበቡ ሰዎች ይህን ሳልነግራቸው ነው የሚያውቁት።

ወደ ሚኒሶታ የጋበዘኝ እዚያ የሚኖረው የእናቴ ወንድም ጋሽ ተፈራ ነው፤ ጊዜው የ2011 መስከረም። ኤምባሲ የተቀበለችኝ ፈረንጅ ሥራዬን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝ።

«ተመልሰህ እንደምትመጣ በምን አውቃለሁ?» አለች።

«እዚያ ግጥሜን ማን ያነብልኛል?» አልኋት።

«እዚህስ?» አለችና ቪዛውን ሰጠችኝ። አዝናልኝ ይመስለኛል።

ሐሙስ

ቺካጎ ላይ እኔ አውሮፕላን ስቀይር ሻንጣዬ ሳይቀይር ቀረ። ውስጡ እናቴ ለወንድሟ የላከችው በርበሬ ነበር። ሻንጣው በማግስቱ ቤት ድረስ መጣልኝ። ከፍተው ፈትሸውታል፣ የበርበሬውን ፌስታል ቀደውታል፣ ከላዩ ላይ ደግሞ ስለ ትብብሬ የሚያመሰግን ወረቀት አስቀምጠውልኛል። ሳምንቱን ሙሉ ሸሚዝ በለበስሁ ቁጥር ሳስነጥስ ከረምሁ። ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ሰው ሲያስነጥስ በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ይመርቀዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ተመርቄ አላውቅም።

ጋሼ የሚኖረው ኢገን በምትባል ከተማ ነው። አንድ ሰፊ ሣር አስቡ፤ ሣሩ ላይ ተራርቀው የተቀመጡ ቤቶች፣ ከቤቶቹ የሚበዙ መኪናዎች፣ ሰው ግን የለም። ከሰዓት በኋላ እግሬን ላፍታታ ብዬ ወጣሁ። ብዙም ሳልርቅ አንዲት ሴት መኪናዋን አቁማ ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ አቁሞ መኪናዬ የት እንደተበላሸብኝ ጠየቀኝ። ከእሱ ኋላ የመጣው ምንም ሳይጠይቅ የታሸገ ውኃ ሰጠኝ። እኛ ዘንድ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወደ ቤቱ እየሄደ ነው፤ እዚያ በእግሩ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ደርሶበታል። ውኃዬን ጠጥቼ ተመለስሁ።

ጋሼ ሻኮፒ ውስጥ ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ ይሠራል። ሰው በስልኩ ያዘዘውን ዕቃ ካርቶን ውስጥ ይከታል። ሥራው ላይ የሚያዝዘው በክንዱ ላይ የታሰረ ማሽን ነው፤ ፍጠን ይለዋል፣ ይፈጥናል። እሱ የሚያዝዘው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በአማርኛ የሚሰበክበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ እዚያ ወንበር የሚደረደረውና ወጥ የሚወጣው በእሱ ቃል ነው።

ልጁን ሊዲያን እራት ላይ አገኘኋት። እዚያው የተወለደች ናት። አባቷ በአማርኛ ይጠይቃታል፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስለታለች፣ ሁለቱም የተግባቡ ይመስላቸዋል። ሶፋው ላይ እኔ ልቀመጥበት ከነበረው ቦታ አንድ ባለ አራት ክንፍ ድሮን ተቀምጦበታል።

«ይኼ ነው ሥራዋ» አለ ጋሼ። «ዩኒቨርሲቲ አስገብቼ፣ እንደ ልጅ ካይት ታበርራለች።»

«ዳዲ!»

«ውሸቴን ነው? እስቲ ለእሱ ንገሪው። ከገባው በኋላ ለእኔ ይነግረኛል።»

ነገረችኝ። የምትሠራው በአንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። በወንዝና በሐይቅ ዳር ያሉ ጥንታዊ ቦታዎች ምን ያህል እየተናዱ እንደሆነ በድሮን ትከታተላለች። እኔም ይህን ሥራ እኛ ዘንድ ዘበኛ እንደሚሠራው ነገርኋት፤ ካፖርትና ዱላ አለው፣ ቻርጅ አይፈልግም።

«ዳሩ ሲናድ ምን ያደርጋል?» አለችኝ።

«ያዝናል።»

«እኛም ያው ነን» አለችና ድሮኑን አንሥታ ቦታዬን ለቀቀችልኝ።

ዓርብ

የሊዲያ መኪና ጋራዥ ስለገባች ጋሼ ከሥራ በፊት ሊያደርሳት ሆነ፤ እኔም ተከተልሁ። መንገድ ላይ፣ ቦታው የት እንደሆነ ለማንም እንዳንናገር ደጋግማ አስጠነቀቀችን። ምልክት የለውም፤ አጥርም የለውም። ምልክት ቢተከል አካፋ ይዞ የሚመጣ ሌባ አለ። ስለዚህ ቦታው የሚጠበቀው ማንም ባለማወቁ ነው። ይህን ሁሉ የምትነግረው መሪውን ለያዘው አባቷ ነበር።

ወንዙ ሰፊ ነው፤ እንደ አዋሽ አይጮህም፣ ሥራውን ዝም ብሎ ይሠራል። የአገሩ ጥንታዊ ባለቤት የሆነው የዳኮታ ሕዝብ ቅድመ አያቶች ዳሩ ላይ ኖረዋል። ምድጃቸው፣ የሸክላቸው ስባሪ፣ የበሉት ዓሣ አጥንት ገደሉ ላይ በተርታ ተነባብሮ እንደሚታይ ሊዲያ ነገረችን። እኛ ግን አላየንም። መኪና ማቆሚያው ጋ እንድንቀር አዘዘችንና ዛፎቹ መካከል ገባች። በብብቷ ሥር የዳማ ገበታ የሚመስሉ ጥቁርና ነጭ ፕላስቲኮች ይዛለች።

የፕላስቲኮቹን ነገር አስቀድማ አስረድታኝ ነበር። ድሮኑ ዳሩን እየተመላለሰ ፎቶ ያነሣል፤ ፎቶዎቹ ሲገጣጠሙ የመሬቱን ቅርጽ ይሰጣሉ። በፀደይ የተነሣው በመኸር ከተነሣው ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደተናደ ይታወቃል። ሁለቱ እንዲገጥሙ ግን የማይነቃነቅ ነገር ያስፈልጋል። ለዚህ አጫጭር የብረት ችካሎች መሬት ውስጥ ተመትተዋል፤ ሮዝ ሪባን ታስሮባቸዋል። ፕላስቲኩ በየችካሉ ላይ የሚነጠፈው ድሮኑ ከላይ እንዲያየው ነው።

ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። ነፋስ ተነሥቷል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ በመሆኑ የተፈቀደላት የመብረሪያ ሰዓትም እያለፈ ነው። እኛ ዘንድ ድሮን ገና ጉምሩክ ላይ ይቀራል፤ እዚያ ደግሞ ከዛፍ ጫፍ ከፍ ለማለት ሰማዩን በሰዓት ያከራዩታል።

«ሰኞ እመለሳለሁ» አለች። «ነገ ሰሜን ትልቁ ሐይቅ ዳር ሌላ ሥራ አለኝ። ምልክቶቹን አንጥፌ ትቻቸዋለሁ፤ ማንም አይመጣም።»

«ሰኞ ካልሆነስ?» አልኋት።

«ረቡዕ ጥንታዊ ቦታዎችን የሚጠብቀው ኮሚቴ ስብሰባ አለው። ዳሩ ከበረዶው በፊት ድንጋይ ይካብለት ወይስ አይካብለት የሚለውን ይወስናሉ። መናዱን ካላሳየሁ ለመጪው ዓመት ያስተላልፉታል። በፀደይ በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ይሞላል። ለመጪው ዓመት የሚተላለፍ ቦታ አይኖርም።»

ጋሼ የልጁን ፊት አየ። ከዚያ መሬቱን አየ፤ የቢራ ቆርቆሮ፣ የቺፕስ ላስቲክ፣ አንድ እግር ጫማ። ቆርቆሮውን አነሣና ራሱን ነቀነቀ። ልጄን ያስከፋት ይኼ ነው ብሎ እንደደመደመ ማናችንም አላወቅንም።

ቅዳሜ

ጠዋት ስነሣ ጋሼ የቤተ ክርስቲያኑን ቢጫ ቲሸርት ለብሶ ጠበቀኝ፤ ለእኔም አንድ አለ።

«የት ነው?»

«ወንዙን ልናጸዳ ነው። ምእመኑን ትናንት ጠርቻለሁ። አንተ መክፈቻ ግጥም ታነባለህ።»

«የትኛውን ወንዝ? ሊዲያ ታውቃለች?»

«ሰርፕራይዝ ነው!» አለ ፊቱ በርቶ።

«ጋሼ፣ ለማንም አትናገሩ ብላን የለም እንዴ?»

«ለማንም አልተናገርሁም። ለወንድሞችና ለእህቶች ነው የተናገርሁት።»

በአገራችን አንድ ሰው ችግር ሲገጥመው ጎረቤቱ ይጠይቀውና ከዚያ ያግዘዋል። ውጭ አገር የከረመ ሰው የመጠየቂያ ጊዜ የለውም፤ በቀጥታ ያግዛል። ስንደርስ መኪና ማቆሚያው ቢጫ ሆኗል። ጓንት አለ፣ ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት አለ፣ ለምሳ ፍም ላይ የሚጠበስ በቆሎ አለ። ከሁሉም በላይ ስልክ አለ። አንድ ሰው ያነሣት እያንዳንዷ ቆርቆሮ ሦስት ሰው ፎቶ ያነሣታል። መቅረጹ ለመጽዳቱ ምስክር ነው ብዬ ሳልጨርስ፣ ሳይቀረጽ የተነሣች አንዲት ጠርሙስ ተመልሳ ወደ መሬት ስትጣልና እንደገና ስትነሣ አየሁ።

ግጥሜን አነበብሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ ነፋሱ ወረቀቴን ወንዝ ውስጥ ከተተው። አንድ ሰው «አሜን» አለ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ብርድ ስለነበር እጃቸውን ለማሞቅም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጋሼ በቆሎው ዘንድ መደበኝ፤ «ገጣሚ ነህ፣ እሳት አታጣም» ብሎ። ስለዚህ ዛፎቹን አልፈው የሄዱት ሴቶች ምን እንዳደረጉ አላየሁም። የሰማሁት ሳቃቸውን ነው። ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የእትዬ ወይንሸት ነበር። እትዬ ወይንሸት የቤተ ክርስቲያኑን ወጥ ቤት የምትመራ፣ ማንም ያልጣለውን ዕቃ ሳይቀር ከመጣል የምታድን ሴት ናት።

በብስክሌት የሚያልፉ ፈረንጆች እየቆሙ አመሰገኑን። አንዱ እነሱ ለወታደር የሚሉትን፣ «ስለ አገልግሎታችሁ አመሰግናለሁ» አለን። ጋሼ ደረቱ ተነፋ። ከሰዓት በኋላ ዳሩ ከእኛ ቤት ሳሎን ይልቅ ጸድቶ ነበር።

እሑድ

ስብከቱ ረጅም፣ መዝሙሩ ከስብከቱ የረዘመ ነበር። ከዚያ ሆፕኪንስ ከተማ ባለው የእትዬ ወይንሸት አፓርታማ ለምሳ ተጠራን። ሊፍቱ ውስጥ ሦስት ቋንቋ ሰማሁ፤ ኮሪደሩ ላይ አራት ዓይነት ሽንኩርት ሲቁላላ ይሸታል። ሚኒሶታ ውስጥ አገር ቤት የመሰለኝ ብቸኛ ቦታ ነው። በሩ ክፍት ነው፤ ማን ገባ ማን ወጣ አይባልም።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ትሪ ቀረበ። ከትሪዎቹ ሥር የተነጠፈው የሚያምር ነገር ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጥቁርና ነጭ። እንደማውቀው ተሰማኝ፤ የት እንዳየሁት ግን ጠፋኝ። በረንዳው ላይ እትዬ ወይንሸት በባልዲ የምታበቅላቸው ቃሪያዎች አሉ። እያንዳንዱ ቃሪያ አጠገቡ በቆመች ቀጥ ያለች ብረት ላይ በሮዝ ሪባን ታስሯል። አሁንም የማውቀው መሰለኝ። አንድ ጉርሻ አጎረሰችኝና ማሰቤን ተውሁ።

ሊዲያ ከሰሜን ስትመለስ አባቷን ልታየው እዚያው መጣች። በሩ ላይ ቆመች። ጠረጴዛውን አየች። ሄዳ አንዱን ትሪ በሁለት እጇ አነሣች፣ እኔ ላይ አስቀመጠችው፣ የትሪውን ሥር አየች።

«ይኼ ከየት መጣ?» አለች፤ በአማርኛ።

«አማረ አይደል?» አለች እትዬ ወይንሸት። «ወንዙ ዳር ጥለውት! እንዴት ያለ ጠንካራ ፕላስቲክ መሰለሽ፤ በሳሙና ፈትጌ አጠብሁት። ፈረንጅ እኮ ዕቃ አያውቅም።»

ሊዲያ በረንዳውን አየች። እኔም አሁን ገባኝ፤ ግን አፌ ሙሉ፣ ጭኔ ላይ ትሪ ነበር።

«ችካሎቹንም?» አለች ቀስ ብላ። «ሁሉንም?»

«አንድም ሳናስቀር» አለች እትዬ ወይንሸት። የልጅቱን ፊት ስታይ ሳቋ ቆመ። «ምነው፣ ልጄ? ምን አጠፋሁ?»

ሊዲያ አባቷን ዞራ አየችው። ጋሼ ሰርፕራይዙን ለመናገር ሲቸኩል የነበረው አፉ እንደተከፈተ ቀርቷል።

«ያጸዳነው ላንቺ ብለን ነው» አለ።

«ነግሬህ ነበር እኮ፣ ዳዲ።»

«ምን ብለሽ? እንግሊዝኛሽ አስር ጊዜ ይፈጥናል!»

«ለማንም አትናገሩ ብዬ!»

«እኛ ማንም ነን?» አለ ጋሼ። ይህን የተናገረው ተናዶ አልነበረም። የምሩን ነበር የጠየቃት።

ነጥቦቹን በመጀመሪያ የለካው ባለሙያ መሣሪያውን ይዞ ሌላ ክፍለ ሀገር ነው፤ እስከ ረቡዕ አይደርስም። ችካል ከሌለ የፀደዩ ከመኸሩ አይገጥምም። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጀመረ። እንደ ሐምሌ ዝናባችን ነጎድጓድና ግርግር የለውም፤ ወረፋ ይዞ የሚዘንብ ይመስላል። ሳያቋርጥ ዘነበ።

ሰኞ

ሦስታችንም ከእትዬ ወይንሸት የተቀበልናቸውን ብረቶችና ፕላስቲኮች ይዘን ሄድን። ዝናቡ አባርቷል። ጋሼ ከሥራ ቀርቷል፤ በዚያ መጋዘን መቅረት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገሩም። እኔ ከኋላ ሆኜ አስነጥሳለሁ፤ የሚመርቀኝም ጠፋ።

በዚህ ጊዜ ሊዲያ ቦታውን አልደበቀችንም፤ የሚደበቅ ነገርም አልነበረም። ዳሩ ተንዷል። አንድ ትልቅ ዛፍ ሥሩ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ በታች ትኩስ አፈር ወንዙ ውስጥ ገብቶ ውኃውን አደፍርሶታል። በተቆረጠው ገደል ላይ ጥቁር የከሰል መስመር ይታያል፤ የአንድ ቤተሰብ ምድጃ። ምድጃው እኩሌታው አለ፤ እኩሌታው የለም።

ሊዲያ እርጥብ ሣር ላይ ተቀመጠች። ጋሼ አጠገቧ ቆሞ ስልኩን አወጣ። ራሱን ለመከላከል ነበር።

«እንዳልጣልናቸው ልታዪው ትችያለሽ» አለ። «ይኸው፣ ፌስቡክ ላይ አለ። እህት ወይንሸት በክብር ይዛዋለች። ይኸው።»

«ዳዲ፣ ስቶፕ።»

«ይኸው፣ እዪው እንጂ!»

አየችው፤ ዝም እንዲል ብላ። ከዚያ ስልኩን ከእጁ ነጠቀችው። ፎቶው ላይ እትዬ ወይንሸት በቢጫ ቲሸርት፣ የዳማ ገበታውን እንደ ዋንጫ ከራሷ በላይ አንሥታ ትስቃለች። ከኋላዋ ያ ዛፍ አለ፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በቀኟ ወደ ወንዙ የሚወጣ የሲሚንቶ ቱቦ አለ። ሊዲያ ስልኩን ወደፊት ዘርግታ ዛፉንና ቱቦውን አስተያየች። ቀና ብላ አየች። እኔም አየሁ። እትዬ ወይንሸት ቅዳሜ የቆመችበት ቦታ አየር ነው።

«ሌላስ አለ?» አለች።

«ምን ያህል ትፈልጊያለሽ?» አለ ጋሼ።

አላጋነነም። ምእመኑ እያንዳንዱን ችካል ሲነቅል ተቀርጿል፤ ከፊት፣ ከጎን፣ በቪዲዮ፣ ከመዝሙር ጋር። እኛም ስልኩን እያየን፣ «እህት ሰብለ እዚህ ጎንበስ ብላለች፣ ያቺ ጉቶ ከግራዋ ናት» እያልን የችካሎቹን ቀዳዳ ፍለጋ ሣሩን በእጃችን ዳበስን። ያልተናደው በኩል ያሉትን ብዙዎቹን አገኘን። ሊዲያ ብረቶቹን ወደየቀዳዳቸው መለሰቻቸው፤ ፕላስቲኮቹን አነጠፈች። አንዱ አሁንም ቅቤ ይሸታል። ድሮኑ ተነሣ፤ ዳሩን ልክ እንደሚያርስ ገበሬ እየተመላለሰ ፎቶ አነሣ። በመጨረሻ ከእትዬ ወይንሸት ፎቶ ጋር በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ከፍታ፣ ባዶውን አየር አነሣው።

ጋሼ ድሮኑን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ካይት አላለውም።

ማክሰኞ

ሊዲያ ኮምፒውተሯ ላይ ዋለች። ጋሼ ሻኮፒ ሄዶ፣ ረቡዕም እንደሚቀር ለአለቃው ተናግሮ፣ የተባለውን ሰምቶ ተመለሰ። ምን እንደተባለ አልነገረንም። እትዬ ወይንሸት ከሆፕኪንስ በሁለት አውቶቡስ መጣች፤ በሌሎቹ ሴቶች ቤት የቀሩትን ችካሎች በበረኪና አጥባ፣ በፎይል ጠቅልላ፣ ከአንድ ድስት ምስር ጋር። ሊዲያ ማቀፍ አልፈለገችም ነበር፤ ግን ከእትዬ ወይንሸት እቅፍ ማምለጥ የሚቻል አይደለም።

ረቡዕ

ስብሰባው ሴንት ፖል ውስጥ በአንድ ቢሮ ነበር። ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ እኛም ከኋላ ተቀመጥን፤ እትዬ ወይንሸትም የበዓል ልብሷን ለብሳ መጣች። ኮሚቴው ሁሉ ፈገግ ይላል። በሚኒሶታ ፈገግታ በር ላይ እንደሚሰቀል «ክፍት ነው» የሚል ሰሌዳ ነው፤ ውስጥ ሰው አለ ማለት አይደለም።

ሊዲያ ካርታዋን አሳየች። የተናደው ቀይ፣ ያልተናደው ሰማያዊ ነው። በደንብ አስረዳች። አንዱ ሰውዬ ቡናውን እያማሰለ ቀይ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛዋ፣ ጎደሉ የተባሉት ነጥቦች የት እንደሄዱ ጠየቀች። ሊዲያ፣ በበጎ ፈቃደኞች የጽዳት ዘመቻ እንደተነሡ ተናገረች። ጋሼ ወንበሩ ውስጥ ሰመጠ። ሰብሳቢው፣ መረጃው ካልተሟላ ለመጪው ዓመት ማስተላለፉ ለሁሉም ይበጃል አለ፤ በጣም ደግ በሆነ ድምፅ።

«አንድ ነገር ይቀረኛል» አለች ሊዲያ፤ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አወጣቻቸው። በግራ ቅዳሜ፣ በቀኝ ሰኞ። በግራ የምትስቅ ሴት፣ በቀኝ ባዶ።

ቡና ማማሰሉ ቆመ።

«ያቺ ሴት ደህና ናት?» አሉ አንዲት ሴትዮ። ዳኮታዎችን ወክለው የመጡ ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ ማንም አስተያየታቸውን አልጠየቀም።

ሰብሳቢው ደግሞ «ማን ነው እዚያ እንድትቆም የፈቀደላት?» አለ።

ጋሼ ለእትዬ ወይንሸት ሲተረጉምላት ብድግ አለች። «አለሁ! ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አለችና እጇን አውለበለበች። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት፤ ከሙታን የተነሣች ያህል። እሷ ግን የምታየው ሴትዮዋን ነበር። «ተፈራ፣ የእሳቸው አያቶች ቦታ ነው አይደል? ይቅርታ በልልኝ። ብረቱን የወሰድሁት ለቃሪያዬ ነው በላቸው።»

ጋሼ እያላበው ተረጎመ። ሴትዮዋ እትዬ ወይንሸትን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ቃሪያው አፈራ?» አሉ።

«በጣም!»

ሴትዮዋ ሳቁ። ከዚያ ወደ ኮሚቴው ሲዞሩ ሳቁ አብሯቸው አልዞረም። «እየተናደ ነው ስንላችሁ ቁጥር አምጡ አላችሁን። ቁጥሩ ሲመጣ ቀለሙን አላወቃችሁትም። አሁን ግን ሰው የቆመበት መሬት እንደሆነ ገብቷችኋል መሰለኝ።»

ድምፅ ተሰጠ። ድንጋዩ ከበረዶው በፊት እንዲካብ ተወሰነ፤ ፎቶው ላይ ለሚታየው ዳር። ከዚያ በታች ስላለው ግን፣ አለ ሰብሳቢው፣ እንዲህ ያለ ግልጽ ማስረጃ ስላልቀረበ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል። በሌላ አነጋገር፣ ኢትዮጵያዊት ያልቆመችበት መሬት መናዱ አልተረጋገጠም።

ሐሙስ

አውሮፕላን ማረፊያ የወሰደችኝ ሊዲያ ናት፤ ጋሼ ከፊት ተቀምጧል። በሻንጣዬ የበርበሬው ቦታ ባዶ ስለነበር እትዬ ወይንሸት በቃሪያ ሞልታዋለች። ጉምሩክ ላይ ምን እንደምል እያሰብሁ ነበር። ጋሼ ሬዲዮ ከፈተ፣ ዘጋ። ሁለቱ ከእሑድ ወዲህ በደንብ አልተነጋገሩም።

ሊዲያ በመስታወት እኔን እያየች አባቷን ጠየቀችው። «ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ምን ይሠራሉ?»

«ምን ይሠራሉ? ያንቺን መኪና ሲያዩ ይደበቃሉ።»

«ታችኛው ዳር ላይ እንዲቆሙልኝ ፈልጌ ነበር። በተርታ። ፎቶ ላነሣቸው። ከዝናብ በኋላ ደግሞ ያለ እነሱ አነሣዋለሁ።»

ጋሼ ዞሮ አያት። «ጫፉ ላይ? ሰው ልትጨርሺ ነው?»

«ከጫፉ በሩቁ። ግድ የለም፣ ጫፉ ራሱ ይመጣል።»

ጋሼ ስልኩን አወጣና ደወለ፤ ድምፁን ከፍ ስላደረገው ሁላችንም እንሰማለን። እትዬ ወይንሸት ነገሩን ሰምታ ሳትጨርስ ተቀብላ፣ ማንን ማንን እንደምታመጣ መቁጠር ጀመረች።

«ምን ምን ይዘን እንምጣ?» አለች። «ጓንት አለ፣ ከረጢት አለ፣ መቆፈሪያም ከወንድም ግርማ...»

«ምንም!» አለ ጋሼ። ልጁን አየት አደረጋት፤ እሷ መንገዱን እያየች ከንፈሯን ነክሳለች። «ስሚኝ እህት ወይንሸት፣ ለሁሉም ንገሪ። እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ከታችሁ ኑ።»